ዕዳን ለመክፈል አስቀድሞ የቤትን ወጪ ልክ ስለ ማወቅ

(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለካህናትና ለምእመናን የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፤ ከእኔ አስቀድመው የተናገሩት አባቶች የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ አስፍተውና አምልተው ስለ ገለጹልን፤ እኔ ኢዮቤልዩ የሚለው ስም ራሱ ወደሚያመለክተው ነገር ልመለስ ወደድሁ። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፤ ኢዮቤልዩ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ የሚመጣው ሃምሳኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት መለከት ይነፋል፤ ከድህነት የተነሣ ርስቱን የሸጠው ወደ ርስቱ፤ ራሱን የሸጠውም ወደ ወገኖቹ ይመለሳል። እንግዲህ ኢዮቤልዩን የሚያከብር ሕዝብ፤ ቢያስበውም ባያስበውም፤ በችግር የተያዘ ሰው ነጻ የወጣበትን ቀን ያከብራል።

ዳሩ ግን በዛሬው ዘመን መለከት ነፍቶ ዕዳን የሚሰርዝ ባንክም ነጋዴም አናገኝም። ባለዕዳ ነጻ የሚወጣው ጥቂት በጥቂት ከፍሎ ነው፤ ጥቂት በጥቂት ለመክፈል ከባለገንዘቡ ጋር መስማማት ያስፈልጋል፤ ለመስማማትም ቤታችን በየወሩ ምን ያህል እንደሚያስገባና ምን ያህል እንደሚፈጅ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይሆናል። የዛሬው ንግግሬ በዚህ በመጨረሻው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በጀት እያልን የምንጠራው የቤት ገቢና ወጪ ልክ ነው።

ስለ ብርና ስለ ሳንቲም በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ መነገሩ የሚከብደው ሰው ቢኖር፤ ነቢዩ ኤልሳዕ ለመበለቲቱ ያደረገውን ያስታውስ። ባለገንዘቡ ሁለት ልጆቿን በዕዳ ሊወስድባት መጥቶ ነበር። ነቢዩ አስቀድሞ የጠየቃት በቤቷ ምን እንዳላት ነው። ዘይቱ በተአምር ከበዛ በኋላም ሽጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፤ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር አዘዛት። ልብ በሉ፤ የዘይቱን ዋጋ ሁሉ ለባለገንዘቡ አስረክቢ አላላትም፤ ዕዳው የሚከፈልበትም ቤቱ የሚኖርበትም በአንድ ሒሳብ ውስጥ ነበሩ።

በአገራችን አነጋገር አንድ ነገር ቀላል ሲሆን ዕዳው ገብስ ነው ይባላል። የጅጅጋ ሰው ዕዳ ግን ገብስ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከብዙ ወገን የተለቃቀመ ነውና። የመንግሥት ሠራተኛው ከብድርና ቁጠባ ማኅበር በዋስ ይበደራል፤ ባለቤቱ ከጎረቤት ሱቅ ዘይትና ስኳር በዱቤ ታስመጣለች፤ ነጋዴው በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባውን ሸቀጥ ከጅምላ ሻጭ በእምነት ይቀበላል፤ ባንክም ቤቱን በመያዣ ይዞ ያበድረዋል። ዕቁቡን በመጀመሪያው ዙር የወሰደ ሰው ደግሞ፤ ራሱን ባለዕዳ ብሎ ባይጠራም፤ የመጨረሻው ዕጣ እስኪወጣ ድረስ ባለዕዳ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ጽፎ የሚደምር ሰው ከብዙ አንዱ ነው። ሌላው የሚያስበው ባለፈው ሳምንት በሩን ያንኳኳውን ባለገንዘብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከአንዱ ተበድሮ ለሌላው ይከፍልና ዕዳ ከፈልሁ ይላል።

ዕዳ ሁሉ ከባለዕዳው ስንፍና የመጣ አለመሆኑንም እዚህ የተቀመጥነው ከሌላው አገር ሰው ይልቅ እናውቃለን። በሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በከተማችን ሁከት በተነሣ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ካህናትና ምእመናን ተገድለዋል፤ ሱቆችም ተዘርፈዋል። በዱቤ ሸቀጥ ተቀብሎ የነበረ ነጋዴ ሸቀጡ ሲሄድበት ዕዳው አብሮ አልሄደለትም። የሚያጽናናው ሰው እንጂ ሒሳቡን አብሮት ተቀምጦ የሚያሰላለት ሰው ያላገኘ ብዙ ነው። አንዳንዱም ሌሊት ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሐረር ሄደ፤ ዋሱም ቀረ። ስለ ዋሱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በእኛ አገር የቤትን ወጪ ልክ ማውጣት የሚያስቸግረው ገቢው ስለማይረጋ ነው። የመምህሩና የጸሐፊው ደመወዝ በወር በወሩ ይመጣል፤ የነጋዴው፣ የሹፌሩ፣ የልብስ ሰፊው፣ ሻይና እንጀራ የምትሸጠው እናት ገቢ ግን በገበያው ይወጣል ይወርዳል። ገበያው ደግሞ በከብቱና በድንበሩ ይመራል። ሱማሌዎች ጂላል በሚሉት በበጋው ወራት ውሃና ግጦሽ ሲጠፋ አርብቶ አደሩ የሚሸጠው ይከሳል፤ የሚገዛውም ያንሳል፤ ይህ በቀብሪ በያሕ ገበያ ከታየ በጅጅጋ ሱቆች ለመታየት አይዘገይም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ በተከታታይ ሲቀር የሆነው ይህ ነው። ከዚያም አስቀድሞ ሳዑዲ ዓረቢያ የከብት በሽታ ፈርታ በ1990 ዓ.ም.፤ ደግሞም ከ1993 እስከ 2002 ዓ.ም.፤ ከዚህ ወገን በበርበራ በኩል የሚሄደውን እንስሳ አላስገባም ባለች ጊዜ፤ በግም ግመልም ያልነበረው የከተማ ሰው ሳይቀር ገበያው ቀዝቅዞበታል። በቅርቡም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፤ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ ለሚነግድና ለሚገዛ ሕዝብ ይህ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፤ ባለዕዳ ገቢውን ሲጽፍ የፋሲካን ሰሞን ገበያ አይጻፍ፤ የክፉውን ወር ገቢ ይጻፍ ማለት ነው። በደጉ ወር የሚተርፈውን ለክፉው ወር ማቆየት ይቻላል፤ በክፉው ወር የሌለውን ግን ከየትም ማምጣት አይቻልም፤ ቢመጣም የሚመጣው ከሌላ አበዳሪ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤት በሐሳባችን እንሥራ። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ያቀረብሁት ስለሆነ እያንዳንዱ በራሱ ቤት ቁጥር ይለውጠው። ባል ደመወዝተኛ ነው፤ ተቆራጩ ሁሉ ወጥቶ 11,000 ብር እጁ ይገባል። ሚስት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ በደግ ወር 7,000፤ በክፉ ወር 4,500 ብር ታተርፋለች። በክፉው ወር ስንቆጥር የቤቱ ገቢ 15,500 ብር ነው። ዕዳቸው 36,000 ብር ይሁን፤ ወለዱን ለጊዜው እንተወው።

ባል ብቻውን ተቀምጦ ወጪውን ይጽፋል። የቤት ኪራይ 3,500፤ ምግብ 6,000፤ የልጆች ትምህርት ቤት 1,200፤ ከሰል፣ መብራትና ውሃ 1,300፤ መጓጓዣ 500፤ ድምሩ 12,500 ብር። የሚተርፈው 3,000 ነው፤ እንግዲህ በ12 ወር ከዕዳዬ እወጣለሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ባለገንዘቡም ደስ ይለዋል፤ ውሉ ይፈረማል። በመጀመሪያው ወር 3,000 ይከፈላል፤ በሁለተኛው ወር ከጎረቤት ተጨምሮ ይከፈላል፤ በሦስተኛው ወር ውሉ ይፈርሳል። ባለገንዘቡም ይህ ሰው ውሸታም ነው ይላል፤ ከዚያ በኋላ ምሕረት አይገኝም።

ሰውየው የዋሸው ባለገንዘቡን አይደለም፤ ወረቀቱን ነው። በወረቀቱ ላይ ያልተጻፉትን እንቍጠር። የዕድርና የማኅበር መዋጮ 200፤ በአገር ቤት ላሉት እናቱ የሚልከው 300፤ ሳሙናና ልብስ 250፤ ለሕክምና የሚቀመጥ 250፤ የዓመቱ በዓላትና ዝክር ተደምረው ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈሉ በወር 250፤ ቀሪውን 250 ደግሞ ቡናና ጫት እንበለው። ካህናት አባቶቼ ይቅር ይበሉኝ፤ ጫት አይቃም ብሎ ማስተማር የእናንተ ሥራ ነው፤ የእኔ ነገር ግን የሚቃም ከሆነ ይጻፍ ነው፤ ሳይጻፍ የሚቃመው ጫት በወር 600 ወይም 800 ብር ሲሆን፤ ተጽፎ ከሚስት ጋር የተነጋገሩበት ግን ወደ 250 ሲወርድ፤ ከዚያም ሲቀር አይቻለሁና። ይህ ሁሉ ሲደመር 1,500 ብር ነው። ስለዚህ በእውነት የሚተርፈው 3,000 ሳይሆን 1,500 ብር ነው፤ ዕዳውም የሚያልቀው በ12 ወር ሳይሆን በ24 ወር ነው። ሁለት ዓመት ረጅም ነው የሚል ይኖራል፤ በሦስት ወር ከሚፈርሰው ከአንድ ዓመት ውል ግን ይሻላል፤ እርሱ ከፈረሰ በኋላ ማለቂያው ስንት ዓመት እንደሆነ የሚያውቅ የለምና።

ሰዎች እነዚህን ወጪዎች የማይጽፏቸው ረስተዋቸው አይመስለኝም። አፍረው ነው። ባለዕዳ ሆኜ ለማኅበር እከፍላለሁ ብዬ እንዴት በባለገንዘብ ፊት እናገራለሁ ይላል። ለእናቴ እልካለሁ ማለት እንኳ እንደ ቅንጦት ይመስለዋል። ነገር ግን እናቱ በመጪው ወር እንደሚደውሉ፤ እርሱም እንደሚልክ ያውቃል። የሚደረገው ነገር ሁሉ በወረቀቱ ላይ ሊኖር ይገባዋል፤ የማይገባ ሆኖ ከተገኘም ከኑሮው ተነቅሎ ይቅር እንጂ ከወረቀቱ ብቻ አይፋቅ።

ይህን ሁሉ ባል ብቻውን ሊያውቀው እንደማይችል ልብ ማለት ያሻል። የሽንኩርትን ዋጋ፣ ልጁ ሲያተኵሰው ለመድኃኒት የወጣውን፣ የቧንቧው ውሃ ሲጠፋ ለጀሪካን ውሃ የተከፈለውን የምታውቀው ሚስት ናት። ለሽምግልና በተቀመጥሁባቸው ቤቶች አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አቀርባለሁ፤ ይህን ወረቀት እመቤት አይታዋለችን እላለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው። አንዳንድ ጊዜም የዕዳው ነገር ራሱ ለእርሷ አልተነገራትም። ሕጉ ግን ከባሎች ኀፍረት ይልቅ ይራመዳል፤ አንዱ ተጋቢ ብቻውን የተበደረው ዕዳ ከጋራ ንብረት ላይም ሊጠየቅ ይችላልና፤ ሚስት ያላወቀችው ዕዳ ሚስትን አያውቃትም ማለት አይደለም። እርሷም በበኩሏ ከጎረቤት ሱቅ ያስመጣችውን ዱቤ ሳትደብቅ ትናገር። ሁለቱ ያልተስማሙበት የወጪ ልክ፤ ባለገንዘቡ ቢስማማበትም፤ በቤት ውስጥ የሚጠብቀው የለም።

አሁን ስለ ሕግ ጥቂት ልናገር፤ በፍርሃት ብቻ የሚኖረው ባለዕዳ ከሕጉ የሚያገኘው መጽናናት አለና። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 404፤ የተፈረደበት ባለዕዳ ንብረት ሲያዝ የማይነኩትን ነገሮች ይዘረዝራል። የሚያስፈልገው ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ መኝታና ምንጣፍ፣ የሚሠራበት መሣሪያ አይያዝም። ፍርድ ቤቱ ለባለዕዳውና ለቤተ ሰቡ ለሦስት ወር ያስፈልጋል ብሎ የሚገምተው ምግብና ገንዘብም አይያዝም። ከደመወዙም ሁለቱ እጅ ተጠብቆለት የሚያዘው ሲሶው ነው። እንግዲህ ሕጉ ራሱ ለባለዕዳው ቤት የወጪ ልክ ያወጣለታል ማለት ነው። ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ የሰውን ወፍጮ በመያዣ መውሰድን ከከለከለችበት ምክንያት ይህ የራቀ አይደለም፤ ወፍጮው የተወሰደበት ቤት እንጀራም ዕዳ መክፈያም የለውም።

ነገር ግን ሲሶው የሕጉ ጣሪያ እንጂ የእያንዳንዱ ቤት ልክ አይደለም። ብቻውን የሚኖር ሰው ከሲሶው በላይ በፈቃዱ ሊከፍል ይችላል፤ አምስት ልጆች ያሉት በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ግን ሲሶው ቢወሰድበት ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ስለዚህ ከፍርድ በፊት በስምምነት ልኩን መናገር ይሻላል።

ባንክ በመያዣ ለያዘው ቤት ነገሩ ፈጣን መሆኑን ባለቤቶች ይወቁ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት፤ ዕዳው በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ማስጠንቀቂያው ከመጣ በኋላ የወጪ ልክ ማውጣት ለመጀመር ጊዜው አጭር ነው። የሚከፈለው እንደማይሞላ ያወቀ ሰው ከሚከፈልበት ቀን አስቀድሞ ወረቀቱን ይዞ ወደ ባንኩ ይሂድ፤ የመክፈያው ዘመን እንዲራዘም ይጠይቅ። ባንክ የሚሰማው ልቅሶ ሳይሆን ቁጥር ነው፤ ይህን ስል ባንኮችን ለመንቀፍ አይደለም፤ የሥራቸው ጠባይ ነው።

በሰውና በሰው መካከል ስላለው ብድርም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመቶ 12 በላይ የዓመት ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም፤ የወለዱ ልክ በጽሑፍ ካልተወሰነም ከመቶ 9 ነው። ከዚያ የሚያልፈው አራጣ ነው፤ አራጣም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። በወር ከመቶ አሥር እየተባለ በሹክሹክታ የሚሰጠውን ገንዘብ በመክፈያ ዕቅድ ውስጥ ከሌሎች ጋር አንድ አድርጎ ከመጻፍ በፊት፤ የሕግ አዋቂ መጠየቅ ይገባል። የሚከፈለው ገንዘብም በሕጉ መሠረት አስቀድሞ ለወጪና ለወለድ፤ ከዚያ በኋላ ለዋናው ዕዳ እንደሚታሰብ አይዘንጋ፤ ወለዱን እንኳ የማይሞላ መክፈያ ዋናውን ዕዳ አይነካውም፤ ሰውየውም ዓመት ሙሉ ከፍሎ በነበረበት ይቆማል። እንዲህ ያለው ነገር ሲታይ ከባለገንዘቡ የሚለመነው ረጅም ጊዜ ብቻ ሳይሆን የወለዱ መቆም ወይም መቀነስ ነው።

በዚህ ክልል ያለ ወለድ የሚሠራ ብድርም እንዳለ ታውቃላችሁ። ሸበሌ ባንክ፤ ቀድሞ የሱማሌ ማይክሮፋይናንስ ተቋም ይባል የነበረው፤ በእስልምና ሕግ መሠረት ወለድ ሳያስከፍል ይሠራል። ሙራባሐ በሚባለው ውል አበዳሪው ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን በግልጽ ተናግሮ ለተበዳሪው በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥለታል። ዋጋው አንድ ጊዜ ተቆርጧልና እንደ ወለድ አያድግም። የእስልምና መጽሐፍም የተቸገረ ባለዕዳ እስኪደላው ድረስ እንዲታገሡት ያዛል። ከሱማሌ ነጋዴዎች በዱቤ የሚወስዱ ወገኖቻችን ይህን ትዕግሥት ብዙ ጊዜ አግኝተውታል፤ የሚያጡትም ሲሰወሩ ነው። የጎረቤቶቻችንን አንድ ልማድ እዚህ ላይ ማንሣት እወዳለሁ። ሔር በሚሉት የአባቶች ሕግ የደም ካሣ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አይጣልም፤ ወገኑ ተሰብስቦ ይከፋፈለዋል። ይህ ለሱቅ ዱቤ የተሠራ ሥርዓት አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዕዳው በአደባባይ ተነግሮ፤ ልኩ ታውቆ፤ ማን ስንት እንደሚችል ተጠይቆ ነው የሚከፈለው። እኛ ግን ዕዳን እንደ ነውር ደብቀን፤ ወንድማችን የሚሰማው ሐራጁ ሲለጠፍ ነው።

ስለ ዋሱ እናገራለሁ ብዬ ነበር። በደመወዝ ዋስ የሆነ ሰው ባለዕዳው ሳይከፍል ሲቀር ከራሱ ደመወዝ ይቆረጥበታል፤ የገዛ ልጆቹ ምግብ በሌላ ሰው ውል ይቀነሳል። የመክፈያ ዕቅድ ሲወጣ ዋሱ ካልተጠራ ነገሩ ጎዶሎ ነው። ጊዜው ሲራዘም የእርሱም ዋስትና ይራዘምበታልና ሊጠየቅ ይገባዋል። ደግሞም ባለዕዳው ያፈረበትን ወጪ ዋሱ ያውቀዋል፤ ወዳጁ ነውና፤ አንተ ይህን አልጻፍህም ብሎ ሊያርመው ይችላል።

ባለገንዘብ የሆናችሁም ከዚህ ጉባኤ አትጠፉም፤ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። በጥንት ዘመን በአገራችን ባለገንዘብና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ይቈራኙ ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ባለዕዳው እንዳይጠፋ የታሰበ ሥርዓት ነበረ፤ ሰንሰለቱ ግን ሁለት ጫፍ ነበረውና ባለገንዘቡም ባለዕዳው በሄደበት ይሄድ፤ በዋለበት ይውል ነበር፤ የገዛ ሥራውም ይፈታ ነበር። ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቷል፤ ነገር ግን ከማይችል ሰው ላይ 3,000 ብር አስፈርሞ በየወሩ ስልክ ሲደውል፣ ሽማግሌ ሲልክ፣ ፍርድ ቤት ሲመላለስ የሚኖር ባለገንዘብ ያው ቁራኛ ነው። ወረቀቱን ጠይቁ፤ መርምሩት፤ የበዛ ወጪ ካገኛችሁ በቅንነት ተናገሩ፤ የወጪው ልክ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ግን 1,500ውን ተቀበሉ።

ክቡራን አባቶቼ ካህናት፤ በየቤቱ የምትገቡት እናንተ ናችሁ፤ ባለዕዳውም ባለገንዘቡም የንስሐ ልጆቻችሁ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ለዕርቅ ስትጠሩ ዕርቁን በዚያው ቀን ለመፈጸም ካላችሁ ጉጉት የተነሣ፤ ባለዕዳውን እባክህ ትንሽ ጨምርበት ማለት የተለመደ ነው። ሰውየው በመስቀሉ ፊት እንቢ ማለት ያፍራል፤ ጨምሮ ይፈርማል፤ የጨመረው ግን ከልጆቹ ምግብ ነው ወይም ከሌላ ብድር። ይልቁንስ ወረቀቱ ለአንድ ሳምንት ቤት ሄዶ ይመለስ ብትሉ ዕርቁ ቢዘገይም ይጸናል። ሁለተኛም ስለ ተዝካርና ስለ ስለት ነው። አባቱ የሞቱበት ባለዕዳ ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ በብድር ላይ ብድር ጨምሮ ድንኳን ይተክላል። ጸሎቱና ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያን ከተፈጸመ የድግሱ ማነስ የሙታንን ነፍስ እንደማይጎዳ ከእናንተ አፍ ቢሰማ፤ ከእኔ ሰማንያ ቁጥር ይልቅ ይረዳዋል። ስለቱንም ዕዳው እስኪቀል ድረስ እንዲያቆየው የሚመክረው ካህን ቤተ ክርስቲያንን አጎደለ የሚለው ሰው የሚኖር አይመስለኝም።

አንድ ጊዜ የተስማሙበት የወጪ ልክ ለዘለዓለም አይደለም። ምሳሌ ያደረግነው ቤት ሁለት ዓመት ይከፍላል ብለናል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ኪራይ ይጨምራል፤ ልጅ ይወለዳል፤ የጤፍ ዋጋ ያለንበትን ሁላችን እናያለን። ስለዚህ በውሉ ላይ በየስድስት ወሩ ሒሳቡ እንደገና ይታያል የሚል ቃል ይግባ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከመድረሱ በፊት ውል የገቡ ሰዎች ይህ ቃል ቢኖራቸው ኖሮ ወደ ባለገንዘቡ የሚመለሱት ውል ያፈረሰ ሰው ሆነው ሳይሆን ውል የሚያከብር ሰው ሆነው ነበር። ገቢ ሲጨምርም ያው ቃል ለባለገንዘቡ ይሠራል፤ ደመወዝ የተጨመረለት ሰው መክፈያውን ከፍ ያድርግ።

የሚከፈለውም ብር ሁሉ በደረሰኝ ይሁን፤ በባንክ ወይም በስልክ የተላከ እንደ ሆነ የተላከበት ምልክት ይቀመጥ። በእጅ የተሰጠውንም ተቀባዩ በደብተር ላይ ይፈርምበት፤ ወዳጄ ነው አላስፈርመውም ማለት በኋላ ወዳጅነቱን ያስከፍላል። የመጨረሻው ክፍያ በተፈጸመ ቀን ባለዕዳው ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ጽሑፍ ይቀበል፤ የዋሱም ስም ከዋስትናው እንዲነሣ ይጠይቅ፤ የቤቱ ካርታ በመያዣ ተይዞ ከነበረም እግዱ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ እንዲሰረዝ ራሱ ሄዶ ያስፈጽም፤ ባንኩ ያስነሣልኛል ብሎ አይቀመጥ። ያን ጽሑፍ ከልጆቹ የክርስትና ወረቀት ጋር በአንድ ሣጥን ቢያስቀምጠው መልካም ነው፤ የት እንዳለም ሚስቱ ትወቅ።